የዋሻው ሦስት ቁልፎች

እኛ አገር የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ ሦስት ጓጉንቸር አለው። የእድር ሣጥን ሦስት፣ የቤተ ክርስቲያን የመባ ሣጥን ሦስት፣ የማኅበር ዕቃ ቤት ካለም እሱም ሦስት። መክፈቻዎቹ በሦስት ሰው እጅ ይቀመጣሉ፤ ሦስቱ ካልተገናኙ ምንም ነገር አይከፈትም። እናቴ እዚህ ሆሳዕና የቤተ ክርስቲያናችንን የመባ ሣጥን አንዱን መክፈቻ ለብዙ ዓመት ይዛለች። መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነበር የምትይዘው። ልጅ ሆኜ ስታቅፈኝ ያ ብረት ጎኔን ይወጋኝ ነበር።

መክፈቻው የተሰጣት ታማኝ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ማንም ሰው ለብቻው ሲሆን ታማኝ ነው ተብሎ ስለማይታሰብ ነው። እኔም እንዲሁ አድጌ ሰው አላምንም። ይህን እንደ ብልህነት እቆጥረው ስለነበር ባለፈው ዓመት ዋሻውን በምን እንጠብቀው ተብሎ ስጠየቅ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። የብረት በር፣ ሦስት ጓጉንቸር አልኩ።

ዋሻው ከሺንሺቾ ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ተወርዶ የሚደረስበት ገደል ሥር ነው። እኔ የምሠራው ሆሳዕና፣ አካባቢ ጥበቃ ላይ ነው። አንድ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ አብሬው ወርጄ ነበር። ባትሪውን በጨርቅ ሸፍኖ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አየ። ስንወጣ ነው የነገረኝ፦ እነዚህ ትልልቅ ጆሮ ያላቸው የሌሊት ወፎች የቀሩት በጣም ጥቂት ዋሻዎች ውስጥ ብቻ ነው፣ ዋሻቸው እየተረበሸ በየቦታው እያለቁ ነው፣ ይህን ካጡ መሄጃ ላይኖራቸው ይችላል። መቼ እንደሚወልዱ ግን እርግጠኛ እንዳልሆነ ተናግሮ የአካባቢውን ሰው እንድጠይቅ አደራ አለኝ።

አልጠየቅኩም። ለሁለተኛ ጊዜ ስወርድ ደጃፉ ላይ የተቃጠለ የመኪና ጎማ አገኘሁ። ዋሻው ውስጥ ቦሌ አለ፤ የአዲስ አበባውን ሰፈር ማለቴ አይደለም፣ ከብት የሚወደውን ጨዋማ አፈር ነው። ቦሌ የሚቆፍሩ ሰዎች ወፎቹን በጭስ አባረው ነበር። ከጎማው ሥር የሞቱት ተከምረው ሳይ አለቀስኩ፤ ልቅሶው ሲያልፍልኝ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ከተናደድኩ በኋላ የሰው ምክር አልሰማም። የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ።

የቀበሌው ሰው በአዳራሹ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የተነሡት መሬታቸው ከዋሻው ጋር የሚዋሰን አዛውንት ነበሩ። ከአባታቸው ጀምሮ ከዚያ ዋሻ ቦሌ እንደሚያወጡ ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ከምባትኛ ተናጋሪ ናቸው፣ እኔ ሀዲይኛ፤ ስለዚህ የተጣላነው ሁለታችንም ትምህርት ቤት በተማርነው አማርኛ ነው። በሩን አልተቃወሙም። ቀኑን ነው የተቃወሙት።

«ክረምቱ ይለፍ» አሉ። «አሁን እዚያ አራስ ቤት ነው። አራስ ቤት ዘው ተብሎ አይገባም። አባቴ በክረምት አልገባም፣ እኔም በክረምት ገብቼ አላውቅም።»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን የሰማሁት ጊዜ ለመግዛት የሚሞክር ሰው ነው። «አባባ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ስንት ጆንያ ሊያወጡ ነው?» አልኳቸው። እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ሳቁ ሞቅ ሲል ግን ጨመርኩበት፤ የሕዝብን ሀብት በጆንያ የሚያወጣ ሰው በየትኛውም ቋንቋ ሌባ ነው የሚባለው አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። አንደኛው አንቀጽ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ሳይገናኙ በሩን የከፈተ ወይም የሰበረ ሰው ከእድር ይሰረዛል ይላል። ገንዘብ ብንል አዋጥተው ይከፍላሉ፣ እስራት ብንል ማንም አያስርም ብዬ አሰብኩ። እድር ግን ያስፈራል። ከእድር የወጣ ሰው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም፣ ሬሳ አይሸከምም፤ የራሱ ሰው ሲሞትም በሩ ላይ ድንኳን የሚተክል አይመጣም። አንቀጹ ሲነበብ አዳራሹ ጸጥ ማለቱ ደስ አሰኘኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

ለሦስቱ መክፈቻዎች የተመረጡት የቀበሌው ሊቀመንበር፣ እኔና አዛውንቱ ነን። የእሳቸውን ተቃውሜ ነበር። የዋሻው ጎረቤት ሳይዝ ማን ይይዛል ብለው ተሰብሳቢዎቹ አሸነፉኝ።

በሩን የሠራው ሆሳዕና ያለ በያጅ ነው። በወረቀት ሥዬ ሰጠሁት፦ አግድም የተደረደረ ፌሮ፣ በመካከሉ ሰው የማያሾልክ፣ የሌሊት ወፍ ግን እንደልቡ የሚያልፍበት ክፍተት። እንዲህ ያለ በር ሠርቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እኛ ከተማ በር ማለት ላሜራ ነው። አላፊ አግዳሚ ውስጡን ካየ ምኑን በር ሆነ? ቢሆንም እንዳልኩት ሠራው።

በሚተከልበት ቀን አብሬ መውረድ ነበረብኝ። ቢሮ ስብሰባ ተጠራና ቀረሁ፤ በያጁ በሩንና ጄኔሬተሩን በአይሱዙ ጭኖ ብቻውን ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስብሰባው ውስጥ ሆኜ፣ ሊቀመንበሩ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ጠረጴዛ ሥር ስልኬን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አረንጓዴ ቀለም፣ ሦስት የሚያብረቀርቁ ጓጉንቸሮች፣ ከፊቱ ተደርድረው የቆሙ ሰዎች። «ጌታ ይባርካችሁ» ብዬ ጻፍኩና ስልኬን መለስኩ።

በማግሥቱ የእኔ መክፈቻ በፖስታ ታሽጎ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ደረሰኝ። ምሳ ልበላ እናቴ ቤት ስገባ በኩራት አሳየኋት፣ ፎቶውንም ጨምሬ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ከዓይኗ አራቀችው።

«ጥሩ በር ነው» አለች። «ወፎቹ በየት ነው የሚወጡት?»

ስልኩን ነጥቄ ፎቶውን አሰፋሁት። ፌሮ የለም፣ ክፍተት የለም። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ላሜራ ነው፤ ከዓለቱ ጋር ያለው ቀዳዳ እንኳ በሲሚንቶ ተደፍኗል። በሩ የተዘጋው ትናንት በቀን ነው። የሌሊት ወፍ ደግሞ በቀን ቤቱ ነው ያለው። ሁሉም ውስጥ ናቸው።

በያጁ ጋ ደወልኩ። እሱም በቅንነት ነገረኝ፦ የበሩን ሥራ የሚከታተለው የቀበሌው ኮሚቴ በሩን ሲያየው አዘነ። የዶሮ ቤት ይመስላል፣ ላሜራው አልበቃ ብሏቸው ይሆናል፣ እንግዳ ቢመጣ ያሳፍራል ተባለ። አንዱ ለግቢው በር የገዛውን ላሜራ ከቤቱ አምጥቶ ሰጠ፤ እሱ በፌሮው ላይ ተበየደ። እኔም ፎቶውን አይቼ ባርኬያለሁ። በያጁ ምን ያድርግ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ምሳውን ትቼ ወጣሁ። በአንጋጫ በኩል ዱራሜ፣ ከዱራሜ ሺንሺቾ፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሚኒባሱ በየቦታው የሚቆም። የሊቀመንበሩን ስልክ እደውላለሁ፣ ዝግ ነው። ዱራሜ ላይ ሌላ የኮሚቴ አባል አገኘሁና ሊቀመንበሩ ዛሬ ጠዋት ለሥልጠና ሆሳዕና መግባቱን ነገረኝ። መክፈቻው ኪሱ ውስጥ ነው። እኔ ወደ እሱ ቀበሌ ስሄድ እሱ እኔ ከተማ ተቀምጧል። ለእናቴ ደወልኩላት። እሷ የሚያስፈልገውን ለማወቅ ብዙ አልጠየቀችኝም፤ የሥልጠናውን አዳራሽ ብቻ ጠይቃ ስልኩን ዘጋችው።

ከሺንሺቾ በሞተር እስከ ገደሉ አፍ፣ ከዚያ በእግር ወረድኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ደረስኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፣ ያኔ ወፎቹ ለመውጣት ይነሣሉ፤ ትናንት ማታ ምን እንደሆነ ደግሞ ላስበው አልፈለግኩም።

አዛውንቱ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎናቸው ድጅኖ ተጋድሟል። ከበሩ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚሰማው ያለ፣ ግን ከውስጥ በኩል። ከታች በኩል ላሜራው ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደዚህ ነው አሉኝ። ላሜራው ተበይዶ ሲያልቅ እዚህ ነበሩ። ይህ ልክ አይደለም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሊቀመንበሩ ስልኩን አውጥቶ ባርካለች ብሎ መልእክቴን አነበበላቸው። ሌባ ከተባሉ በኋላ በባለሙያ ላይ መናገር እንደማያምርባቸው አስበው ዝም አሉ። ማታ ድምፁን ሲሰሙ ሊቀመንበሩ ቤት ሄደው ቀሰቀሱት፤ ባለሙያዋ ያጸደቀችውን እኔ አልነካም ብሎ መለሳቸው። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር።

የእኔን ጓጉንቸር ከፈትኩ። እሳቸውም የራሳቸውን ከፈቱ። ሦስተኛው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፤ ከአዳራሹ በር ላይ ሊቀመንበሩን አስጠርታ አግኝታዋለች። ስልኩን ሰጠችው። አስረዳሁት። ደነገጠ፣ ሰውየው ክፉ አይደለም። መክፈቻውን ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እንደሚልክ ነገረኝ። ነገ አይሆንም፣ አሁን ጓጉንቸርህን ልስበር፣ ፍቀድልኝ አልኩት።

«እህቴ፣ በስልክ እንዴት ይፈቀዳል?» አለ። «ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። ደንቡ ያንቺ ነው።»

ድጅኖውን አነሣሁ። ከባድ ነው። የዚያ ቀበሌ እድር አባል አይደለሁም፣ ቢሰርዙኝ የሚሰርዙት ስም የለም፣ ስለዚህ እኔ እሰብራለሁ አልኩ። አዛውንቱ ከተቀመጡበት ተነሥተው ድጅኖውን ከእጄ ወሰዱት።

«አንቺ ከሰበርሽ ነገ ሰው ሁሉ ይሰብራል» አሉ። «ቢሮው የራሱን ሕግ ሰበረ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጎማ የሚያቃጥለውን ማን ይከለክለዋል? እኔን እንደሆነ ቀድመሽ ሌባ ብለሽኛል።»

አባባ፣ እድሩስ፣ በዚህ ዕድሜዎ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ገደሉ አፍ አዙረው በከምባትኛ ተጣሩ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከላይ ቆመው ያዩ ነበርና ወረዱ፤ ስድስት ሰባት ይሆናሉ። አዛውንቱ በየስማቸው እየጠሩ ምስክር አደረጓቸው፦ ሁለቱ በመክፈቻ ተከፍተዋል፣ ሦስተኛውን የምሰብረው እኔ ነኝ፣ በድብቅ አይደለም። አንዱ ሰው እንዲተዉት ለመናቸው። ውስጡ ያለው ድምፅ እየበዛ ነበር፤ መሽቷል።

በድጅኖው ሁለት ጊዜ መቱት፣ ጓጉንቸሩ ተወዛወዘ እንጂ አልተከፈተም። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ልርዳዎት ብዬ ስጠጋ በክንዳቸው ገፉኝ። በአራተኛው ተሰበረ። ትከሻዬን ይዘው መሬት አስተኙኝ፣ ራሳቸውም አጠገቤ ተንበርክከው በሩን ሳቡት።

ወጡ። ፊቴን ጭቃው ውስጥ ቀብሬ የወፎቹን የክንፍ ንፋስ ማጅራቴ ላይ እሰማዋለሁ፤ ያልቃል ስል አያልቅም። ለምን ያህል ጊዜ እንደተኛሁ አላውቅም። ስነሣ ሰማዩ ላይ አሁንም ይታዩ ነበር። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ሲል አዛውንቱ ባትሪ አብርተው የበሩን ሥር አሳዩኝ። ከላሜራው ሥር፣ ትናንት ማታ ሲገፋፉ የተጨፈለቁት፣ እናቶችና ደረታቸው ላይ የተጣበቁ ግልገሎች ተኝተው ነበር። ግልገሎቹ ገና ፀጉር አላወጡም። አራስ ቤት ነው ብለውኝ ነበር።

አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

«ለብቻዬ አይደለም የሰደብሽኝ» አሉ። «ሰው ፊት ነው።»

በሳምንቱ አዳራሹ እንደገና ሞላ። ተነሥቼ ተናገርኩ። ሌባ ያልኳቸው ሰው ስለ ዋሻው ከእኔ የበለጠ ያውቁ እንደነበር፣ ክረምቱ ይለፍ ሲሉ እውነታቸውን እንደነበር፣ ፎቶውን በደንብ ሳላይ የባረክኩት እኔ እንደሆንኩ ሁሉንም አንድ በአንድ አልኩ። ላሜራው ተቆርጦ እንዲወጣ ተስማሙ፤ ወዲያውም ወጣ። ከዚያ አንቀጹ ተነበበ። እንዲሻር ለመንኳቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወር ያልሞላው ሕግ ከተሻረ ከመጀመሪያውም ሕግ አልነበረም አሉ። የሚገርመው አዛውንቱም ደገፏቸው። ለእኔ ከተተወ ለሁሉም ይተዋል አሉ። እስከ መስቀል ድረስ ስማቸው ከእድሩ መዝገብ ተሰረዘ። ለመስቀል ገና ሁለት ወር ነበር፤ ሲታሰብ አጭር ይመስላል።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ቀበሌ የአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ደረሰ። ሟቹ ከአዛውንቱ ጋር አብሮ ያደገ፣ ግቢያቸው በአንድ የእንሰት መስመር የሚለይ ጎረቤታቸው ነበር። ለዋሻው ሥራ ሺንሺቾ ነበርኩና ሄድኩ። እንግዳ ነሽ ብለው ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ዝናቡ ይዘንባል። በድንኳኑ መጋረጃ በኩል ስመለከት አዛውንቱን አየኋቸው። ከእንሰቱ ሥር፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ለብቻቸው ቆመዋል።

ተነሥቼ ወጣሁና አጠገባቸው ቆምኩ። ሰው ዞሮ አየን።

«ትናንት ወርደሽ ነበር?» አሉኝ።

«ወርጄ ነበር፣ አባባ።»

«ወጡ?»

«ወጡ። ከግልገሎቹም መብረር የጀመሩ አሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መካከል የሬሳ ሣጥኑ ከቤት ወጣ። ሸካሚዎቹ በእኛ በኩል ነበር የሚያልፉት። ሲቀርቡ አዛውንቱ ባርኔጣቸውን ብብታቸው ሥር አስገብተው ትከሻቸውን ወደ ፊት አደረጉ። ከዚያ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው እጃቸውን አጣመሩ፤ ሣጥኑም አልፏቸው ሄደ። ያንን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ።